ጨጓራ ነው አልኳት

የመጨረሻው ደህና ቀን እሁድ ነበር። ደህና ስል እህቴ ተሽሏት ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያ ሰሞን ብቻዬን ከአልጋ አንስቼ በረንዳ ላይ እስከማስቀምጣት ድረስ ቀልላ ነበር። ደህና የምለው ቤታችን እንደ ሌላ ሰው ቤት ስለዋለ ነው። እናታችን ከቅዳሴ መጣች። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ የአጃ ሾርባ ይዛልን ገባች። እህቴ ሦስት ማንኪያ ወሰደች፤ አላስመለሳትም። ከዚያ ዓይኗ ሱሪዬ ላይ አረፈ።

«ይሄን ማነው ያጠፈልህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በአንድ እግርህ ብቻ ጎርፍ ልትሻገር ነው? ና ወዲህ።»

እውነቷን ነው፣ አንዱ እግር ከሌላው በሁለት ጣት ያጥር ነበር። አስወለቀችኝ። ጋቢ ታጥቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስፌቱን ራሷ ፈታችው፣ ከዚያ እጇ ደከመና መርፌውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ክሩን ምራቅ አታጠጣው፣ አጠር አድርገህ ቁረጠው፣ ሰነፍ ነው ረጅም ክር የሚያስገባ» እያለች አሰፋችኝ። እናታችን ሳቀች። አዴ ጫልቱ «ሙሉኮ፣ የኔንም ባል እንዲህ አስተምሪልኝ» አለቻት። ያን ቀን ስለ ሕመም ያወራ ሰው የለም። በማግስቱ፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቴ ሞተች።

ይህን የምጽፈው የጽሑፍ ችሎታ ኖሮኝ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ አሁን የምሠራው አጎቴ ሱቅ ነው። የምጽፈው አንድ ቃል በእኛ ቤት ምን እንዳደረገ ሌላ ቤት እንዲያውቀው ብዬ ነው። እንዴት እንደምጀምረው ብዙ ቀን አስቤያለሁ። ከስሟ ልጀምር።

ስሟ ሙሉነሽ ነው። እኔ እቴ ነው የምላት። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ልብስ የምትሰፋበት ቤት ነበራት። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ሞተ። እቴ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ማሽን ላይ ተቀመጠች። እኔ የተማርኩት በእሷ እግር ነው። አብዛኛው ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም ነበር። ከኡኬና ከሲሬ ሳይቀር ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ነበሩ፣ ምክንያቱም እጅጌውን አስረዝማ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋለች፤ ልጁ ሲያድግ ፈትቶ ማውረድ ነው።

ሕመሙ ሲጀምር ማቃጠል ብቻ ነበር። ደረቷ ሥር እጇን አድርጋ ትጫነዋለች። «ምነው?» ስንላት «ጨጓራዬ ነው» ትላለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ጥያቄው ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ቃል ልናገር። በእኛ አማርኛ ጨጓራ የአካሉም ስም ነው፣ የሕመሙም ስም ነው። «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው በገበያ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ነጋዴው አለበት፣ አስተማሪው አለበት፣ ሹፌሩ አለበት። በኦሮምኛም «ገራቻ» ካሉህ ምን ማለት ነው ብለህ አትጠይቅም። ሰው ጨጓራ አለብኝ ሲል ጉንፋን ይዞኛል እንደማለት ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሁሉም መድኃኒት ያውቃል። ተልባ አሉን፣ ጠጣች። ቀዝቃዛ ወተት አሉን፣ ጠጣች። በርበሬ አቁሚ አሏት፣ አቆመች። ፋርማሲው ኦሜፕራዞል ሰጣት፤ ሲያልቅ ራሷ እየሄደች ትገዛ ጀመር።

ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ የሄድነው ማቃጠሉ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ነው። ሰገራ አዩ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ አለ ብለው የሁለት ሳምንት ኪኒን ሰጧት። ባክቴሪያውስ እውነት ነበር ይመስለኛል። ለአንድ ወር ተሻላት። ሲመለስባት ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ እዚያ ታይፎይድ ነው አሉ። መርፌውን ተወግታ ጨረሰች። ሦስተኛው ጋ ደም ማነስ ነው ብለው የብረት ኪኒን ሰጧት።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም እንዲል እፈልጋለሁ። የብረት ኪኒን ሰገራን ያጠቁራል። የሚሰጡት ሰዎች ይህንን ነግረዋት ስለነበር ሰገራዋ ጥቁር ሲሆን አልደነገጠችም። በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም እንዳስረዳን ከጨጓራ ውስጥ የሚፈስ ደምም ሰገራን የሚያጠቁር ነገር ነው። ሁለቱ ተሸፋፈኑ። ደሟ ያነሰው እየደማች ስለሆነ ነበር፤ እኛ ግን ጥቁረቱን ባየን ቁጥር ኪኒኑ እየሠራ ነው እንል ነበር።

ሌላም ምልክት ነበር። ሁለት ጉርሻ በልታ «ጠገብኩ» ትላለች። ጾም ስለነበረ ማንም ልብ አላለም። ደንበኞቿ «ሙሉ ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ይሏት ነበር። እቴ የራሷን ቀሚሶች በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ አጠበበች። ሁለተኛውን ስታጠብብ አጠገቧ ነበርኩ፤ ሜትሩን ወገቧ ላይ አዙራ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ እንደገና አዞረችው። «ይሄ ሜትር ተሳስቷል» አለች። ለደንበኛ ስትለካ ግን በዚያው ሜትር ነበር።

በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ሄድን። አግዳሚው ላይ ለወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተዋውቆ፣ ተካፍሎ በልቶ፣ የማያውቀውን ልጅ ይዞ ይጠብቃል። ኢንዶስኮፒ የሚባለውን፣ ሰዉ «ካሜራ መዋጥ» የሚለውን፣ አደረጉላት። ሐኪሙ ከውስጥ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ናሙና ላከ። ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

ውጤቱ የመጣ ቀን አብረን ሄድን። ነርሷ በሩን ከፍታ «የሙሉነሽ ቤተሰብ» ብላ ጠራች። ታማሚዋን አልጠራችም፣ ቤተሰብ አለች። እቴ «ግባ አንተ፣ ጎረምሳው» ብላ ገፋችኝ። ገባሁ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። የጨጓራ ካንሰር መሆኑን ነገረኝ። እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት፣ ደገመልኝ። ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ከሄደች ቀዶ ሕክምና ሊሠራላት ይችል ይሆናል አለኝ። «ቶሎ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያለው፣ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። የሪፈር ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። «ለእሷ እንዴት እንደምትነግሯት እናንተ ታውቃላችሁ» አለኝ።

ወጣሁ። እቴ አግዳሚው ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እያወራች ነበር።

«ምን አለ?»

«ጨጓራ ነው አለ።»

አልዋሸሁም። እስከ ዛሬ ራሴን የማታልለው በዚህ ነው። ጨጓራ ነው ብዬ አልዋሸሁም።

ሳቀች። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ይህን ለመስማት ነው የጠበቅነው? ሌላስ?»

«አዲስ አበባ ሄዳ ትታይ ብሏል።»

«ለጨጓራ አዲስ አበባ?» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ሰሙልኝ አባባ? ጨጓራ ለመታየት አዲስ አበባ። መስከረም ይለፍና አያለሁ።»

ወሩ ሐምሌ ነበር። የዩኒፎርም ጊዜ ነው። ጨርቁ ተከምሮ ነበር።

የዚያን ዕለት ለአጎቴ ለጋሼ ወልዴ ነገርኩት። ሱቁን ዘግቶ ወደ ጓዳ አስገባኝ። አለቀሰ፤ አጎቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ፣ «እንዳትነግራት» አለኝ።

«ሐኪሙ ቶሎ ነው ያለው ጋሼ።»

«ቃሉን ከሰማች ነገ ከአልጋ አትነሳም። በቁሟ ልትገላት ነው? ዩኒፎርሟን ትጨርስ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንወስዳታለን። እናትህም እንዳትሰማ።»

እሺ አልኩ። እሺ ስል ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ ቀለል አለኝ። እኔ እንዳልነግራት ትልቅ ሰው ፈቀደልኝ። ሰው ልጠብቃት ብዬ ነው ያልነገርኳት ይላል። እኔ ግን ፊቷን ላለማየት ነው።

ከሳምንት በኋላ ለመድኃኒት ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ ኢፋ የሚባል ልጅ አገኘን። የሲሬ ልጅ ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ይሠራ ነበር። ነጭ ካፖርቱ ሰፍቶት ነበር። እቴ ገና ሳይናገር፣ «ትከሻው ወርዷል፣ አምጣው ላስተካክልልህ» አለችው። ሳቀና በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረ፣ «አካም ጅርታ?» ተባባሉ። ከዚያ የመጣበትን ነገራት። ከሕመምተኞች ደምና ከተረፈው ናሙና ጥቂት ወስዶ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር ያጠናል። የፈቃድ ቅጽ ይዟል። መፍቀድም መከልከልም መብቷ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ጠየቃት።

«ሕመምሽ ምን እንደሆነ ነግረውሻል?»

«ነግረውኛል እንጂ። ጨጓራ ነው።»

ኢፋ እኔን አየኝ። እኔ ቅጹን አየሁት። በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ነበር፤ በሁለተኛው መስመር ላይ ቃሉ በሁለቱም አለ። ከእጁ ወሰድኩትና «እኔ አነብላታለሁ» አልኩ። ማንበብ ጀመርኩ። ቃሉ ላይ ስደርስ ዘልዬው «የጨጓራ ሕመም» አልኩ።

ኢፋ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጄ መልሶ ወሰደው። «አዴ ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ወንድምሽን ላናግረው» ብሎ ወደ ውጭ አወጣኝ።

«አታውቅም።»

«ታውቃለች፣ ግን...» አልኩ።

«አታውቅም። ሳታውቅ የፈረመችውን እኔ አልወስድም። የእኔ ጥናት ይቅር፣ እሱ ምንም አይደለም። ግን ሪፈሩን አይቼዋለሁ። ምን ብላችሁ ነው የምትወስዷት?» ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ቁራጭ ጽፎ ሰጠኝ። «ዛሬ ንገራት። መንገር ከከበደህ ሐኪሙ ይንገራት፣ አብሬህ እገባለሁ።»

ወረቀቷን ኪሴ ከተትኩ። ለእቴ «ጥናቱ ሞልቷል አሉ» አልኳት። «ውይ፣ ካፖርቱ» አለች። ይህችን ወረቀት እስከ ጥር አልዘረጋኋትም።

ነሐሴ አለፈ። መስከረም አለፈ። ልጆቹ ሁሉ የሰፋችላቸውን ለብሰው ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ መንገዱ ለጥቂት ሳምንት ተዘጋ፤ በእኛ በኩል እንደሚሆነው ነው፣ አውቶቡስ ይቆማል፣ ከዚያ ይለቃል። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠች ደም አስመለሳት። ፊት ለፊቷ የነበረው ነጭ የሸሚዝ ጨርቅ ነው። እሷ መጀመሪያ ያለችው «ጨርቁ የሰው ነው» ነው።

በማግስቱ ጉዞ ጀመርን። እናታችንን «ቁስለት ነው፣ ታክማ ትመለሳለች» አልናት። ሲሬ ላይ አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም እቴ አልወረደችም። በመስኮት የዩኒፎርም ልጆች ሲያልፉ ታያለች። «ያ የኔ ነው» አለችኝ አንዱን እያሳየችኝ፣ «እጅጌው የታጠፈው።»

አዲስ አበባ በካንሰር ሕክምናው ክፍል በር ላይ ረጅም አግዳሚ አለ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እቴ አላነበበችውም። እኔ ካርድ ለማውጣት ተሰልፌ ስመለስ አጠገቧ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ከጊምቢ የመጣች ነች፣ አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማለች። የአገሯን ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት በኦሮምኛ ስታወራ እሰማለሁ። ሁለት ሜትር ያህል ቀርቶኝ ነበር።

«ካንሰሪን ኬ ኤሳ ጅራ?» አለቻት። ካንሰርሽ የት ላይ ነው ማለቷ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። እዚያ አግዳሚ ላይ ሰው የሚጠያየቀው እንደዚህ ነው፣ ከየት ነሽ እንደማለት ነው።

እቴ ሴትዮዋን አየች፣ ከሷ ቀጥሎ የተቀመጡትን አየች፣ ፀጉር የሌላትን ወጣት አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

ካርዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ከመቼ?»

«ከሐምሌ።»

ሴትዮዋ የገባት ያን ጊዜ ነው። «ዋቃዮ» ብላ አምላክን ጠርታ አፏን ያዘች። እቴ እጇን በሴትዮዋ ጉልበት ላይ አሳረፈች፤ ታጽናናት የነበረችው እሷን ነው። «ጨጓራዬ ላይ ነው እህቴ» አለቻት በኦሮምኛ። «አንቺስ?»

ዛሬም ድረስ ያቺን ሴት አስባታለሁ። እኔ አራት ወር ያልቻልኩትን እሷ ሳታውቅ በአንድ ቃል አደረገችው።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀምጣ ነገረቻት። ጉበቷ ላይ ደርሷል። አሁን በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም። ኬሞ ቢሰጣት ጊዜ ሊያረዝም ይችላል። እቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«በሐምሌ መጥቼ ቢሆንስ?»

ሐኪሟ መለሰችላት። «በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ዕድሉ የተሻለ ይሆን ነበር።»

ያረፍነው ዘመድ ቤት ነበር። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ሻይ ስሰጣት ትቀበላለች፣ አታየኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዋን እያሰርኩላት ከላይ ሆና ተናገረችኝ።

«መስከረም ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አንተ ነህ ያልክልኝ።»

የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቄ ቋጠርኩ።

«ብታውቂ ትሰበሪያለሽ ብለን...»

«እሰበር ነበር። ከዚያ ተነስቼ አውቶቡስ እሳፈር ነበር። አንተን ያሳደግኩት ተሰብሬ እየተነሳሁ አይደለም እንዴ ቢኒ?»

ይቅርታ አድርጋልኛለች። በኋላ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ግን ያቺ ንግግር ከይቅርታው ጋር አትጠፋም፤ ሁለቱም አብረውኝ አሉ።

ሦስት ዙር ኬሞ ወሰደች። ስፌት የለመደው ጣቷ ደነዘዘ፤ መርፌ ቢወጋት አይሰማትም ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ራሷ «ይበቃኛል፣ ወደ ቤቴ» አለች። ሐኪሟም ልትለምናት አልሞከረችም፣ የሕመም ማስታገሻ አዘዘችላት። የጨርቅ ጠርዝ የምትይዝበትን ኦቨርሎክ ማሽኗን ያን ጊዜ ሸጥነው። ነቀምቴ በገባን በሳምንቱ ስለ ኢፋ ጠየቀችኝ።

«ያ ትከሻው የወረደው ልጅ፣ ጥናቱ ሞልቷል ያልከኝ። ውሸትህን ነው አይደል?»

«ውሸቴን ነው።»

«ጥራው።»

መጣ። ካፖርቱን ይዞ ነው የመጣው፣ ለማስተካከል ሳይሆን ቃሏን አስታውሶ ነው። እናታችን ገበያ ነበረች። እቴ «አሁን አውቃለሁ» አለችው። «እንግዲህ ያን ጊዜ ልትነግረኝ የነበረውን ንገረኝ። በምሰፋበት ቋንቋ ንገረኝ።»

ኢፋ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት፣ ጨርቅ ወደሚቆረጥባቸው የካርቶን ቅዶች አየ። የምነግራችሁ የገባኝን ያህል ነው።

«ሴል ውስጥ ዋናው ቅድ አለ» አላት። «እሱ ከተሰቀለበት አይወርድም። ሥራ ሲኖር ግልባጩ ተቀድቶ ይወጣል። የሚሰፋው በግልባጩ ነው።»

«እንደኔ። ካርቶኑን ማንም አይነካብኝም።»

«አዎ። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ደግሞ በጣም ትናንሽ ቁርጥራጮች ናቸው። ራሳቸው ምንም አይሰፉም። ግልባጩ ላይ ይለጠፉና እንዳይሰፋ ያደርጉታል። ሥራቸው ዝም ማሰኘት ነው። ደህና ጨጓራ ውስጥ ይህ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይሰፋል።»

«በካንሰሩስ?»

«ሚዛኑ ይዛባል። 'እደግ፣ ተባዛ' የሚለውን ግልባጭ ዝም የሚያሰኙት ያንሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ የሚለጠፉትም 'ቁም፣ ይበቃል' በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ሴሉ ቁም ሲባል አይሰማም። ይባዛል፣ ወደ ሌላ ቦታም ይሄዳል።»

«ልኩን የሰጠ ደንበኛ ሳይኖር ይሰፋል።»

«እንደሱ ነው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። አንዱ መንገድ ይህ ነው።»

እቴ አሰበች። ከዚያ ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች። «ትንሽ ነው፣ ራሱ መስፋት አይችልም፣ ሥራው የሚነገረውን ዝም ማሰኘት ነው። ይሄ ማይክሮው የኔን ወንድም ይመስላል።»

ኢፋ መሬት አየ። እቴ ሳቀች፣ ሳቁ ሆዷን አሳመማትና ያዘችው። እኔ ውኃ ለማምጣት ወጣሁ። ስመለስ ጥያቄዋን ቀጥላ ነበር።

«ለኔ ምን ይጠቅመኛል?»

«ላንቺ ምንም» አላት። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ቁርጥራጮቹ ደም ውስጥም ይገኛሉ። ወደፊት ሰው ካሜራ ሳይውጥ፣ ሕመሙ ገና ትንሽ ሳለ፣ በደም ለመለየት ይረዱ ይሆናል ብለን ነው። ግን ገና ነው። ዛሬ ማንም በዚህ ደማችሁን አይቼ ካንሰር የለባችሁም ልበላችሁ ቢል አትመኑት።»

«ወረቀቱን አምጣው። ራሴ ነኝ የማነበው።»

ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበችው። ቃሉ ላይ ስትደርስ አልዘለለችውም። ፈረመች። ደሟን ሲቀዳ ሥሯ አልገኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ወጋት፤ «ልብስ ሰፊ ብትሆን ኖሮ ደንበኛ አይኖርህም» አለችው። ከሄደ በኋላ ትንሽ ተኛች፣ ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት ጠራችኝ።

«ለእማዬ አልነገርኳትም። እኔ ከነገርኳት እኔን ልታባብለኝ ነው፣ ጉልበት የለኝም። አንተ ትነግራታለህ።»

እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት አብረን ኖርን፤ በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አልነገርኳትም። አሁንም እንደ ሐምሌው። እሁድ ሱሪዬን አሰፋችኝ። ሰኞ ሞተች። እናታችን እጇን ይዛ ነበር፣ እኔ እግሯን።

ማክሰኞ ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲገባ ይጠይቃል፣ «ምን ነበር ያመማት?» ጋሼ ወልዴ ለሁሉም ይመልሳል፣ «ጨጓራ ነበረባት።» አንድ ሰውዬ «በጨጓራም ይሞታል እንዴ? እኔም እኮ አለብኝ» ሲል ሰማሁ። ከጎኑ ያለው «ተልባ ጠጣ» አለው።

ረቡዕ ጠዋት ሴቶቹ ዕቃ ለማጠብ ወደ ጓሮ እንደወጡ እናቴ ፍራሽ ላይ ብቻዋን ቀረች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በትክክል ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። የጨጓራ ካንሰር እንደሆነ ነገርኳት። ከሐምሌ ጀምሮ እንደማውቅ ነገርኳት። እቴ ንገራት እንዳለችኝና እንዳልነገርኳት ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጨጓራ አልነበረም?»

«ጨጓራዋ ላይ ነው እማዬ። ግን ካንሰር ነው።»

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔስ? እኔንም ጨጓራ ነው ብለውኛል። ለእናንተ አልተናገርኩም እንጂ ዓመት አለፈኝ። ሁለት ስጎርስ ይሞላኛል። የኔ የትኛው ነው?»

ተነሳሁ። ጫማዋን አመጣሁላት። በድንኳኑ ደጃፍ ስናልፍ ጋሼ ወልዴ ተነስቶ መንገዱን ዘጋብን። «ሳልስቷ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ይዘህ ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሆስፒታል ነው ጋሼ። ለእማዬ ነግሬያታለሁ።»

እናቴን አየ። ከዚያ ከፊታችን ዘወር አለ።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ስንደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል «ምኗን ነው የሚያማት?» አለኝ።

«እህቴ በጨጓራ ካንሰር ሞታ ትናንት ቀብረናታል» አልኩት። «እናቴንም እንደሷ ሁለት ጉርሻ ይሞላታል። ኪኒን አይደለም የምንፈልገው፣ በካሜራ እንዲያዩልን ነው።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። እናቴ ቃሉን ስትሰማ ክንዴን ትለቃለች ብዬ ነበር፤ አልለቀቀችም። ካርዱን ወስደን ወደ አግዳሚው ሄድን። ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ከጭኗ አውርዳ ለእናቴ ተነሳችላት፤ እኔ ከጎኗ ግድግዳውን ተደግፌ ስማችን እስኪጠራ ቆምኩ።